ጌሙ ተከፈተ፣ ጽሑፉ ግን እንቢ አለ

በ1994 ዓ.ም. ከቡሬ ተነሥቼ በቲሊሊ፣ በኮሶበርና በዳንግላ አልፌ ባሕር ዳር ስገባ ኮምፒውተር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው በአንድ ስም ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። የያኔዎቹ ተማሪዎች መቼም አትረሱትም፦ ዊንዶውስ 98፣ ሆዱ የተነፋ ስክሪን፣ በኪስ የምትዞር ፍሎፒ።

አብዛኞቻችን ማውዝ መያዝ የለመድነው በትምህርት ሳይሆን በጨዋታ ነው፤ ማፈር የለብንም። የእኛ ዶርም ጌም «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ» ነበር። ጆርዳን ሜክነር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአፕል 2 ኮምፒውተር የሠራው ሲሆን በማግስቱ ዓመት ለዶስ ወጣ። እስረኛው ወጣት በ60 ደቂቃ ውስጥ ጉድጓዱን ዘሎ፣ ዘበኛውን በሰይፍ አሸንፎ ልዕልቲቱን ማዳን አለበት። ለጨረሰ ሰው ጌሙ ስሙንና የተረፈውን ጊዜ ይመዘግብለታል። ከእኛ መጀመሪያ የጨረሰው የፍኖተ ሰላሙ ጓደኛዬ፣ የአማርኛ ተማሪው ነበር። ዶስ ፊደላችንን ስለማያውቅ ስሙን በላቲን ጻፈ። «የገዛ ስሜን በሰው ፊደል!» እያለ ሲስቅ አሁንም ይታየኛል።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ የለም፤ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ባለፈው ክረምት እናቱ ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የጽሕፈት ሥራ ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ያ የመመረቂያ ጽሑፉ አንተ ዘንድ ይኖር ይሆን? ቤት የነበረውን ዝናብ በላው» አሉኝ። ጽሑፉ በጃቢ ጠህናን ገበሬዎች የደቦ ዘፈኖች ላይ የተሠራ ነው። ካዘፈናቸው ሽማግሌዎች አንዱ የእናቱ አባት ነበሩ፤ እሳቸውም አልፈዋል።

ስንመረቅ የሁላችንንም ፋይል በአንድ ሲዲ ገልብጬ ነበር። ሲዲው ተገኘ። የሱቄ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ አዲሱን ዊንዶውስ አይችልም፤ የምሠራው በነፃው ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። መጀመሪያ ጌሙን ሞከርኩ። ዛሬ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እንኳ እንዲህ ያለውን ባለ 16 ቢት የዶስ ፕሮግራም አያስነሣም። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የድሮውን ፕሮሰሰር፣ ስክሪንና የድምፅ ካርድ አስመስሎ ጌሙን «የድሮ ቤትህ ነህ» ብሎ ያታልለዋል። ጌሙ ተነሣ። የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ስከፍት የጓደኛዬ ስም፣ ከነተረፈው ደቂቃ፣ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ጽሑፉን ከፈትኩ። ጉድ እኮ ነው! ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7፣ 231 ሆኖ ዲቃላው፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር፣ 256 ቦታ ብቻ ባለው የድሮ ፎንት በቀላሉ አይገባም። እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለዶስ የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ፤ ለዊንዶውስም እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ መጡ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ፊደላችንን በላቲኑ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አንዱ «ሀ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ሌላው «መ»ን አስቀመጠበት። ፎንቱ ከሌለ ወንበሩ እንጂ ተቀማጩ አይታይም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ቢያገኝም፣ እኛ በተመረቅንበት በ1997 ዓ.ም. የምናውቃቸው ጸሐፊዎች ሁሉ የሚተይቡት በድሮዎቹ ነበር።

ፋይሉ የፎንቱን ስም ይዟል። ስሙን ይዤ የድሮ ጸሐፊዎችን ሳጠያይቅ ሰነበትኩ፤ በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም አንዲት የቀድሞ ታይፒስት ሣጥኗ ውስጥ ሲዲውን አገኘችልኝ። ፎንቱን ስጭነው ትርምሱ አማርኛ ሆነ። 42ቱን ገጽ አንድ በአንድ እያየሁ በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩት። እናቱ ዘንድ ወስጄ የአያትየውን ዘፈን ሳነብላቸው አላለቀሱም፤ አንዱን ስንኝ ግን «እንዲህ አይደለም የሚባለው» ብለው አረሙኝ። እርማቱንም ከግርጌው አስገባሁት።

ጌሙን የታደገው ዕድል ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። ሜክነር ራሱ የጌሙን የመጀመሪያ ኮድ ለዓመታት አጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አባቱ ዲስኮቹን ከቤት አገኙለት፤ የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው አነበቡለት፤ እሱም ለሁሉ በነፃ አወጣው። ለጨዋታ ይህን ያህል ከተደከመ፣ ለአያቶቻችን ቃል ማን ይድከም?

ስለዚህ አደራ። ለዘንድሮው መገናኛችን ስትመጡ የድሮ ፍሎፒና ሲዲያችሁን ያዙ። መምህራንም በየካቢኔቱ ያለውን ተመልከቱልን። ፋይሉን መጀመሪያ ቅዱት፤ ዋናውን ከፍታችሁ መልሳችሁ «ሴቭ» አታድርጉት። የተጻፈበትን ፎንት አብራችሁ አኑሩ። በዩኒኮድ ከተገለበጠ በኋላ አንድ ቅጂ በወረቀት አትሙ። ፕሪንስን መጫወት የሚፈልግም ካለ ይዤው እመጣለሁ፤ የጓደኛዬን ሰዓት የሚያሸንፍ ግን የሚገኝ አይመስለኝም።