ደለል ውስጥ የቀረ መድኃኒት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭቃ ነው። «ጭቃ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» እንዳትሉ። አለው።

የቆላ ድባ ሰዎች፣ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ የደምቢያን ሜዳ ወባ መታው። ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው። ደምቢያም የወባ መከላከያ ሥራ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። ያኔ የቤት ግድግዳ ዲዲቲ ይረጭ ጀመር። ትንኟ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ትሞታለች። ዲዲቲ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ ውለታ መርሳት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ዲዲቲ ቶሎ አይጠፋም። በውኃ አይሟሟም፤ ከአፈርና ከስብ ጋር ይጣበቃል። የጭቃ ቤት ሲፈርስ ግድግዳው አፈር ይሆናል። ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ወንዙን ግድብ ካቆመው ውኃው ይረጋል፤ አፈሩም ከሥር ይዘቅጣል። ደለል የምንለው ይህን ነው። እንግዲህ ውኃው ጠርቶ ቢታይም መርዙ ከታች ሊኖር ይችላል።

በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ አለ። ተሠርቶ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከበላዩ እርሻ አለ፤ የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይገባበታል። አንድ ጥናት በቆቃ ዓሣ ውስጥ ዲዲቲ መኖሩን አሳየ። ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል።

ደለል የሚመረመረው እንዲህ ነው። ባለሙያው በጀልባ ሄዶ ረጅም ቱቦ ጭቃው ውስጥ ይሰካል። የሚወጣው ጭቃ መሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከሥር ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። እያንዳንዱ ድርብ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በላቦራቶሪ ይታያል። ዲዲቲ ሲያረጅ ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ዲዲኢው በዝቶ ከተገኘ መርዙ የቆየ ነው። ዲዲቲው ራሱ ከበዛ ግን በቅርቡ የረጨ ሰው አለ ማለት ነው። የቆቃው ዓሣ አጥኚዎቹን ያስጠረጠረው ይህ ነው። ለወባ የተሰጠውን ዲዲቲ እርሻው ላይ የሚረጭ ገበሬ ነበርና!

ወደ ደምቢያ እንመለስ። መገጭ ወንዝ የሚገባው ጣና ነው። ጣናም ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጨረጨራ ላይ፣ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠርቶለታል። በእናንተ በኩል ቱቦው ቢሰካ የሚሻለው መገጭ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ነው። ከታችኛው ድርብ ውስጥ፣ አያቶቻችሁ ግድግዳቸውን ያስረጩበት ዘመን አፈር ሊወጣ ይችላል።