ዜና ሮብ ዎከር

ፋብሪካዎች የራሳቸው ጸሐፊ አላቸው። ፌራሪ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም፤ ሎተስም እንዲሁ። መኪና ከሌላ ገዝቶ፣ ጥቂት መካኒኮች ይዞ፣ የወረሰውን ገንዘብ ከፋብሪካዎች ፊት ስላሰለፈ ሰው የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለጸጋው እንግሊዛዊ ሮብ ዎከር በግል ቡድናቸው በፎርሙላ ዋን ሜዳ ያደረጉትን እንጽፋለን። ዘመኑን በአገራችን ቁጥር አስቀምጠነዋል፤ የፈረንጁን የሚሻ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ይጨምርበት።

ሚስተር ዎከር ነሐሴ 8 ቀን 1909 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው በስኮትላንድ የታወቀው የጆኒ ዎከር ቤት ነው። ሀብቱ ከምን እንደ መጣ ስሙ ራሱ ይናገራልና እኛ አንጨምርበትም፤ አወጣጣቸው ያማረ እንደ ነበረ ግን እንመሰክራለን። በ1931 ዓ.ም. ደላሄ በተባለች መኪና በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ገብተው፣ ሌሊቱን ባለ ቀጭን መስመር ሙሉ ልብስ ለብሰው ነዱ፤ ከጓደኛቸው ከኢያን ኮኔል ጋርም ስምንተኛ ወጡ። በወጣትነታቸው አውሮፕላን ሲያበሩ ስለ ሆነ አንድ ነገር መንግሥት ፈቃዳቸውን ወስዶባቸው ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ መለሰላቸው። በባሕር ኃይል አውሮፕላንም አገራቸውን አገለገሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቤቲ ሰላም ሲሆን በውድድር ሜዳ እንዳይነዱ ቃል አስገቧቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ለሌላ ሰው መኪና ገዝተው ማሰለፍ ጀመሩ። በፓስፖርታቸውም ሥራ በሚለው ስፍራ «ጨዋ» ተብሎ ተጽፎ ነበር ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ዓመታት በዚህ ሁኔታ አለፉ። በሰሪ ግዛት በዶርኪንግ ከተማ ፒፕብሩክ የሚባል ጋራዥ ነበራቸው። መኪኖቻቸው በስኮትላንድ ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ሆነው አፍንጫቸው ላይ ነጭ መቀነት ታጥቀው ይወጡ ነበር። የመካኒኮቹ አለቃ አልፍ ፍራንሲስ ትውልዱ ፖላንዳዊ፣ በጦርነቱ ዘመን ወደ እንግሊዝ የመጣ፣ እጁ ብልህ፣ አፉም ያልተቆጠበ ሰው ነበር።

በ1950 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ጥር 11 ቀን፣ እኛ ታቦት አጅበን ጥምቀትን በምናከብርበት እሑድ፣ በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ የዓመቱ የመጀመሪያ ግራንድ ፕሪ ተደረገ። በዚያ ዓመት የነዳጁ ሕግ ተለውጦ ከአልኮል ወደ አውሮፕላን ቤንዚን ስለ ዞረ፣ ቫንዎል የተባለው የእንግሊዝ ቡድን መኪናው አልደረሰለትም፤ ነጂው ስተርሊንግ ሞስም ያለ መኪና ቀረ። ሚስተር ዎከርም ኩፐራቸውን ሰጡት። ኩፐር ትንሽ መኪና ናት፤ ሞተሯ ከነጂው በስተኋላ የተቀመጠ፣ መጠኑም ሁለት ሊትር የማይሞላ ነበር። ከፊቷ የተሰለፉት ፌራሪዎችና ማዜራቲዎች ግን ሞተራቸው ከፊት የሆነ፣ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል የሚጠጉ ነበሩ። የአገሩ ልጅ ፋንጂዮም፣ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በፊተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። በሜዳው የተሰለፉት መኪኖች አሥር ብቻ ነበሩ። ትንሿን ሰማያዊ መኪና ከቁም ነገር የቈጠራት አልነበረም።

ነገሩ የተወሰነው በጎማ ነው። የሌሎቹ ቸርኬ በመካከሉ ባለ አንድ ዳዶ ስለ ሆነ በመዶሻ መትቶ ቶሎ ይፈታል፤ የኩፐሯ ግን በአራት ብሎን የታሰረ ነውና ጎማ መለወጥ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ሞስና አልፍ ፍራንሲስ ዘዴ መከሩ። ጎማ እንለውጣለን ብለው አስወሩ፤ መካኒኮቹም ጎማ ደርድረው፣ መሣሪያ ይዘው፣ የሚጠብቁ መስለው ታዩ። የፌራሪ ሰዎች ይህን አይተው ተዝናኑ፤ መቆሙ አይቀርም ብለው ነጂዎቻቸውን አላስቸኮሉም። ሞስ ግን ሳይቆም 80 ዙር ዞረ። በመጨረሻው ላይ የጎማው ላስቲክ አልቆ ሸራው ታየ፤ ዘይት በፈሰሰበት መንገድ ላይ እየነዳ ጎማውን ያበርድ ጀመር። ፌራሪዎች ሲነቁ ጊዜው አልፎ ነበር። ሙሶ በፌራሪ ተከትሎ ቢሮጥም በ2.7 ሰከንድ ተቀደመ፤ ሆውቶርን ሦስተኛ፣ ፋንጂዮ አራተኛ ወጡ። በዓለም ሻምፒዮና ሞተሯ ከኋላ የሆነ መኪና ስታሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለኩፐርም የመጀመሪያው ድል ነው፤ ይህንም ድል ያገኘው የኩፐር ቡድን ሳይሆን ደንበኛው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተሩን ከፊት የሚያስቀምጥ የግራንድ ፕሪ መኪና አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ግንቦት 10 ቀን በሞናኮ ሁለተኛው ድል ሆነ። ነጂው ፈረንሳዊው ሞሪስ ትሬንቲኛን ነበር፤ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ሌሎቹ መኪናቸውን ሲሰብሩ እሱ የራሱን ይዞ ገባ። ሁለት ውድድር፣ ሁለት ድል። ፋብሪካዎቹ ያን ጊዜ መተያየት ጀመሩ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1951 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ ሞስ የዎከር ነጂ ሆነ። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ውል አልነበረም፤ እጅ ተጨባበጡ፣ አለቀ። ነሐሴ 17 ቀን፣ በፍልሰታ በዓል ማግስት፣ በሊዝበን አጠገብ በሞንሳንቶ ሁሉንም ዙር ደርቦባቸው አሸነፈ። መስከረም 2 ቀን 1952 ዓ.ም. ደግሞ በፌራሪ አገር በሞንዛ፣ የፌራሪ መኪኖች ጎማ ሊለውጡ ሲቆሙ እሱ ሳይቆም ሄደ፤ የጥምቀቱን ትምህርት ጣሊያኖች አልተማሩትም ነበር። ታኅሣሥ 2 ቀን በአሜሪካ በሴብሪንግ ውድድሩ ከጥቂት ዙር በኋላ ለሞስ አበቃ፤ የዓመቱንም ዘውድ የኩፐር ፋብሪካ ነጂ ብራብሃም ወሰደ።

ከዚህ በኋላ ሚስተር ዎከር ሎተስ 18 የተባለች መኪና ገዙ። ሎተስን የሚሠራት ኮሊን ቻፕማን ነው፤ ብልህ መሐንዲስ፣ ለቀላልነት ሲል የመኪናን አጥንት የሚያሳሳ። የራሱ ቡድን በዓለም ሻምፒዮና አንድም ጊዜ አላሸነፈም ነበር። በዘመነ ዮሐንስ ግንቦት 21 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእመቤታችን የደብረ ምጥማቅ በዓል ዕለት፣ በሞናኮ ሞስ በሰማያዊዋ ሎተስ አሸነፈ። የሎተስን የመጀመሪያ ድል ያመጡላት እንግዲህ ሚስተር ዎከር ናቸው። ከአንድ ወር በታች በሆነ ጊዜ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ በቤልጅግ በስፓ የልምምድ ሰዓት የዚያች መኪና የኋላ እግር ተነቅሎ ሞስ ሁለት እግሩ ተሰበረ፤ ወገቡም ተጎዳ። ስለ መሐንዲሱ ጥበብ ከላይ የተናገርነው ይበቃል። እግዚአብሔር ዘመን ጨምሮለት ኅዳር 11 ቀን 1953 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሪቨርሳይድ ያንኑ የሎተስ ዓይነት ነድቶ አሸነፈ።

ወደ ታላቁ ቀን ደረስን። በ1953 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ሕጉ ተለውጦ ሞተር ሁሉ ከአንድ ሊትር ተኩል እንዳይበልጥ ተደረገ። ፌራሪ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና ጉልበቱ ከእንግሊዞቹ ሞተር በብዙ ፈረስ በለጠ። ቻፕማን አዲስ መኪና ሠርቷል፤ ለሚስተር ዎከር እንዳይሸጥላቸው ግን የነዳጅ ኩባንያዎች ፉክክር ከለከለ፤ የእሳቸው ነዳጅ ከአንዱ ኩባንያ፣ የሎተስ ከሌላው ነበርና። ስለዚህ ግንቦት 6 ቀን በሞናኮ ያለፈው ዓመት መኪና ከዘንድሮዎቹ ፌራሪዎች ጋር ቆመች። ሞስ በልምምድ አንደኛ ወጥቶ ሳለ፣ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ከሻንሲዋ አንዱ ቱቦ ተሰንጥቆ አየ። ነዳጅ በታንኩ ሞልቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ውድድሩን ትቶ በሄደ። አልፍ ፍራንሲስ ግን እርጥብ ጨርቅ በታንኩ ላይ ደርቦ፣ እሳት ለኩሶ፣ እዚያው በሰልፉ ላይ በየደው። አጠገቡ የነበሩት ሸሹ ይባላል፤ እውነት ቢሆን አያስነቅፋቸውም።

ሞስ ደግሞ ሙቀቱን አይቶ የመኪናዋን የጎን ክዳን አስወለቀ። ተመልካቹም መሪውን ሲያዞር ክንዱን፣ ፍሬን ሲረግጥ እግሩን ያይ ነበር። ጂንተር በፌራሪ ቀድሞ ወጣ፤ በ14ኛው ዙር ሞስ አለፈው። ከዚያ በኋላ ያለው 86 ዙር ሁሉ መሳደድ ነው። ፌራሪዎች እየተፈራረቁ ተከተሉት፤ ጂንተር፣ ፊል ሂል፣ ደግሞም ጂንተር። ከተማው ጠባብ ነውና ጉልበት የሚታይበት ቀጥተኛ መንገድ አጭር ነው፤ ሞስ ግን እያንዳንዱን ዙር የልምምድ ያህል አድርጎ ነዳው። ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀ። በመጨረሻ በ3.6 ሰከንድ ቀደመ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፌራሪዎች ወጡ። ሞስ ራሱ ከነዳው ሁሉ ይህን ያስበልጥ ነበር። ለአንድ ጋራዥና ለአንድ ባለጸጋ ከዚህ የሚበልጥ ቀን አልተሰጠም።

ሐምሌ 30 ቀንም በጀርመን በኑርበርግሪንግ መንገዱ ረጥቦ ነበርና ሞስ የጎማ ሠሪዎቹን ምክር ትቶ የዝናብ ጎማ አደረገ፤ ሁለት ፌራሪዎችን ከኋላው አስከትሎ ገባ። መስከረም 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በኦልተን ፓርክ፣ ለዓለም ሻምፒዮና በማይቆጠር ውድድር፣ በአራቱም እግሯ የምትገፋ ፈርጉሰን የተባለች መኪና በዎከር ቀለም አሸነፈች። በአራት እግር የምትገፋ መኪና የፎርሙላ ዋን ውድድር ያሸነፈችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኤንዞ ፌራሪም ይህን ሁሉ ካየ በኋላ አዲስ መኪና ለሞስ ሊሰጥ ተስማማ፤ መኪናዋም በዎከር ሰማያዊ ተቀብታ በዎከር ሰዎች ልትያዝ ነበር። እንዲህ ያለ ክብር ፌራሪ ለሌላ ሰው ማድረጉን አልሰማንም። ሚያዝያ 15 ቀን 1954 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ለፈረንጆቹ የፋሲካ ማግስት፣ ለእኛ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ሞስ በጉድውድ ሜዳ ከመንገድ ወጥቶ ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተጋጨ። መኪናዋ የዎከር ብትሆንም በዚያ ቀን የሌላ ቡድን ቀለም ለብሳ ነበር። ሞስ አንድ ወር ራሱን ሳያውቅ ተኛ፤ ዳነም፤ ወደ ግራንድ ፕሪ ግን አልተመለሰም።

በ1955 ዓ.ም. በጥቅምት 22 ቀን ወጣቱ ሪካርዶ ሮድሪገዝ በአገሩ በሜክሲኮ፣ በታኅሣሥ 12 ቀንም ጋሪ ሆኪንግ በደቡብ አፍሪካ፣ ሁለቱም በዎከር ሎተስ ሲለማመዱ ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። ሚስተር ዎከር ሥራውን ሊተዉ አስበው ነበር፤ አልተዉም። ከዚያ በኋላ ስዊድናዊው ቦኒየር፣ ከእሱም በኋላ የስዊዝ ልጅ ጆ ሲፈርት ነዱላቸው። እነዚያ ዓመታት በዓለም ሻምፒዮና ያለ ድል አለፉ።

በ1960 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ከሸሪካቸው ከጃክ ዱርላከር ጋር ሆነው አዲስ ሎተስ 49 ገዙ፤ የሞተሯ ዋጋ ብቻ 7,500 ፓውንድ ነበር። በመጋቢት ሲፈርት በብራንድስ ሃች በልምምድ ሰበራት። ሰባራዋ በዶርኪንግ ስትፈታ እሳት ተነሣ፤ መኪናዋም፣ ደላዥ የተባለው አሮጌ መኪናቸውም፣ በጋራዡ የነበረውም ዕቃ ነደደ። በግንቦት ቻፕማን የራሱን ሎተሶች በሲጋራ ፋብሪካ ቀለም ቀብቶ አሰለፋቸው፤ ከእንግዲህ ቀለሙን የሚመርጠው ከፋዩ ሆነ። ሚስተር ዎከር ሌላ ሎተስ አግኝተው በሰማያዊ ቀቡ። ሐምሌ 13 ቀንም፣ ከአራት ወር በፊት በተሰበረችበት በዚያው በብራንድስ ሃች፣ በእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ የቻፕማን ሁለቱ መኪኖች እየመሩ ሳሉ ተራ በተራ ተሰበሩ። ሲፈርትና የፌራሪው ክሪስ ኤመን ተያያዙ፤ ከ80 ዙር በኋላ ሲፈርት በ4.4 ሰከንድ ቀደመ። ይህ በዓለም ሻምፒዮና የሚስተር ዎከር ዘጠነኛውና የመጨረሻው ድል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኬን ቲረል የገዛው ማርች የተባለ መኪና በስፓኝ አሸንፏልና የመጨረሻው የግል ቡድን ድል የዎከር ሳይሆን ያ ነው የሚሉ አሉ። ከቲረል ጀርባ ትላልቅ ኩባንያዎች ቆመው እንደ ነበር የሚያውቅ ግን አይከራከርም። በ1962 ዓ.ም. የሚስተር ዎከርም ሰማያዊ መኪና የሻይና የሾርባ ኩባንያ ስም ለጥፋ ወጣች፤ ግርሃም ሂልም ነዳት። ያ ዓመት የግል ቡድናቸው መጨረሻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ውድድር በመጽሔት እየጻፉ ኖሩ፤ ሚያዝያ 21 ቀን 1994 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ የፎርሙላ ዋን ሕግ ቡድን ሁሉ የራሱ ሻንሲ ባለቤት እንዲሆን ያዛል፤ መኪና ከጎረቤት ገዝቶ መሰለፍ ቀርቷል። በድል ሰንጠረዡም የጥምቀቱ ዕለት ድል በኩፐር ስም፣ የደብረ ምጥማቁ በሎተስ ስም ተመዝግቧል። አንባቢ ሆይ፣ ያን ሰንጠረዥ ያገኘህ እንደ ሆነ በሁለቱ መስመር አጠገብ የዎከርን ስም በእርሳስ ጻፍበት።