ከሽለታ እስከ እንዝርት፤ የሱፍ አጠባ ታሪክና ጥበብ

የልብስ ታሪክ ሲወሳ የፈታይዋ እንዝርትና የሸማኔው መወርወሪያ ይነሣሉ፤ ከሁለቱም የሚቀድመው የአጠባ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘለላል። ሆኖም ከበግ የተሸለተው ፀጉር ክር ሆኖ መልበሱ ወይም ተበላሽቶ መጣሉ የሚወሰነው በዚሁ በተዘለለው ሥራ ነው።

ጥጥ ከማሳ ሲለቀም ዋናው ጣጣው ፍሬው ነው፤ በመዳመጫ ተዳምጦ በደጋን ይነደፋል። ሱፍ ግን ሦስት ዓይነት እድፍ ተሸክሞ ይመጣል፤ እነርሱም ከበጉ ቆዳ የሚመነጨው ቅባት፣ የደረቀው ላብ፣ እንዲሁም አፈርና የሣር ስብርባሪ ናቸው። ላቡ የፖታሲየም ጨው ስላለበት በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል። ቅባቱ ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። እንደ ሜሪኖ ባለ ቅባታም ዝርያ ይህ ሁሉ ሲደመር የጥሬውን ፀጉር ክብደት እኩሌታ ሊያህል ይችላል። በመሆኑም ጥሬ ፀጉር በሚዛን የገዛች ፈታይ የእድፉንም ዋጋ አብራ ትከፍላለች።

የጥንት ሰዎች ይህን ችግር ያለ ቤተ ሙከራ ፈትተውታል። በሮም ዘመን ልብስ አጣቢዎች የቆየ ሽንት ያጠራቅሙ ነበር፤ በውስጡ የሚፈጠረው አሞኒያ ቅባትን ይፈታልና። ከ69 እስከ 79 እ.ኤ.አ. የነገሠው ቬስፓሲያን በዚሁ ሽንት ላይ ግብር መጣሉ የሥራውን ስፋት ያመለክታል። በዚያው ዘመን የነበረው ፕሊኒ ደግሞ አረፋ የሚያወጣ የአንድ ተክል ሥር ሱፍን እንደሚያነጣና እንደሚያለሰልስ ጽፏል። ታጥቦ የሚወጣውም ቅባት ከንቱ አልነበረም፤ ለመድኃኒትነት ይውል ነበር። በ1882 እ.ኤ.አ. ብራውንና ሊብራይኽ የተባሉ ጀርመናውያን የማጣሪያውን ዘዴ በስማቸው ሲያስመዘግቡ፣ ቅባቱ ላኖሊን ተብሎ ለዓለም ገበያ ቀረበ።

ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ ለዘመናት ሸማችንን ሲያነጣ ኖሯል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ውሑድ ነው፤ የአውሮፓ ሳሙና ሥሮችም ኃይላቸው ከዚሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው፣ የአጣቢዎች ዕውቀት ለሳይንስ በር እንደሚከፍት አሳይቷል።

በአገራችን በሱፍ ሥራ ስሙ የጎላው መንዝ ነው። በዚያ ብርዳማ ደጋ የሚረባው በግ ፀጉሩ ሻካራ ቢሆንም፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ባናውም የደጋውን ውርጭ ይመክታል።

ጥጥ ማጠብ የለመደ እጅ ግን በሱፍ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ጋቢ ቢረገጥና ቢጨመቅ፣ በአመድ ውሃም ቢታጠብ ይችለዋል። ሱፍ ግን የእንስሳ ፀጉር በመሆኑ ኃይለኛ የአመድ ውሃ ይበላዋል። ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ፀጉር ላይ ረቂቅ ቅርፊቶች ስላሉ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ከታሸ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ አይፈታም፣ አይፈተልምም።

ስለዚህ በቤት የሚያጥብ ሰው አስቀድሞ ፀጉሩን በሰሌን ላይ ዘርግቶ ፋንድያ የያዘውንና የሆዱን ፀጉር ይለያል። ቀጥሎም በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ላቡንና አፈሩን ያስለቅቃል፤ ውሃውም እስኪጠራ ድረስ ይለዋውጣል። ከዚያ 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀ የሳሙና ውሃ ውስጥ በቀስታ አጥልቆ፣ ሳያሽ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ውሃው ሳይበርድ ማውጣት ይገባል፤ ከበረደ የቀለጠው ቅባት ተመልሶ በፀጉሩ ላይ ይረጋል። ማለቅለቂያውም ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖረው ያስፈልጋል። በመጨረሻም ሳይጠመዘዝ በእጅ ጫን ጫን ተደርጎ ውሃው ይወጣና በጥላ ይሰጣል። ጥቂት ቅባት ቢቀርበት ለመፍተል ይመቻል እንጂ አይጎዳም።

የሙያ ባልደረቦች ሆይ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ሙቀትን፣ ጊዜንና የእጅን ልክ የሚያውቁት በአብዛኛው የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ድካማቸው ግን በባናው ዋጋ ውስጥ ለብቻው ተቆጥሮ አያውቅም። ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እንጂ በጽሑፍ አልተላለፈም። የሚያጥቡት እጆች ካረፉ፣ በጎቹ በደጋው ቢኖሩም ፀጉራቸው ሸክም እንጂ ሀብት አይሆንም። እንግዲህ የሸማኔውን ሙያ ስንመዘግብ፣ ከእርሱ የሚቀድመውን የአጣቢዋንም ሙያ አብረን እንመዝግብ።