የኮምፖስት ትል አያያዝ በጎንደርና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች

የመሬት ትልን በመጠቀም እበትን፣ ገለባንና የአትክልት ተረፈ ምርትን ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ የመለወጥ ዘዴ ቨርሚ ኮምፖስት በሚል ስያሜ ይታወቃል። ኢትዮጵያ የኬሚካል ማዳበሪያን ከውጭ የምታስገባ በመሆኗ፣ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ ሲንር ለዘዴው የሚሰጠው ትኩረት ጨምሯል።

በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች እበት ኩበት ሆኖ ለማገዶ ስለሚውል ወደ ማሳ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በአንጻሩ እንደ ማራኪ ባሉ የጎንደር ከተማ ክፍሎች የአትክልት ልጣጭና ቅጠላ ቅጠል ከየቤቱ በየዕለቱ ይወጣል። ይህንን ለይቶ ማሰባሰብ ከተቻለ ለትሉ በቂ ምግብ ይሆናል።

የትሉ ዓይነትና የመደቡ ቦታ

ለሥራው የሚመረጠው ኢሴኒያ ፌቲዳ የተባለው ቀይ ትል ነው። ከእርሻ ማሳ ተቆፍሮ የሚወጣ ትል አፈር ውስጥ ጠልቆ መኖርን ስለለመደ በመደብ ውስጥ አይበረክትም። ቀዩ ትል የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ሙቀት ሲሆን፣ ከ10 ዲግሪ በታች አመጋገቡና መራባቱ ይዳከማል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ደግሞ ይሞታል።

በመሆኑም በጎንደር ከተማ የደጅ መደብ ከፀሐይና ከክረምት ዝናብ የሚከላከል ክዳንና ውኃ የሚወርድበት ቦይ ሊኖረው ይገባል። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ብርዳማ ወረዳዎች በውርጭ ወራት መደቡን በወፍራም ገለባ መሸፈን ወይም ትሉን ከሥሩ በተበሳ የእንጨት ሣጥን አድርጎ ጨለማ በሆነ የቤት ጥግ ማቆየት ይመረጣል።

አያያዝ

ትኩስ እበት ሲብላላ ስለሚሞቅ ትሉን ይገድላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ከበረደ በኋላ በስስ ንጣፍ ይሰጣል። የመደቡ እርጥበት በእጅ ጨብጦ ይለካል፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ ተስማሚ ነው። ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሥጋ፣ ዘይትና ጨው አይጨመርም። ጉንዳን፣ አይጥና ዶሮ ዋነኛ ጠላቶቹ ናቸው።

ከሁለት እስከ ሦስት ወራት ባለው ጊዜ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው ማዳበሪያ ይደርሳል።

ለዕቅድ ዝግጅት

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ሲይዝ፣ አንድ ኩንታል የትል ማዳበሪያ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ግራም ነው። በመሆኑም በሰፊ ማሳ ዩሪያን ይተካል ብሎ ማቀድ አርሶ አደሩን ለምርት መቀነስ ይዳርጋል። ጥቅሙ የአፈርን ለምነትና እርጥበት የመያዝ አቅም በማሻሻል፣ በተለይም በጓሮ አትክልትና በፍራፍሬ ችግኝ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የሥራው ውጤትም በተከፋፈለው ትል ብዛት ሳይሆን፣ ክረምትና በጋን አልፎ በዓመቱ ምርት በሚሰጠው መደብ ቁጥር ሊመዘን ይገባል።