ሁለት ምንጭ፣ አንድ ማሰሪያ፦ የመጠባበቂያ ጀነሬተር ታሪክና የጌዴኦ ቡና መፈልፈያዎች



በቡና መድረሻ ወራት ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ ሰው መብራት መጥፋቱን በጆሮው ያውቃል፤ ከየእሸት ቡና መፈልፈያው ግቢ የጀነሬተር ድምፅ ይሰማል። ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ይወድቃል። ስለዚህ ባለቤቱ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለሚሰማው ድምፅ ሳይሆን ስለማይታየው ነገር፣ ማለትም ስለ ጀነሬተሩ የመሬት መስመር ነው።

ጀነሬተር ወደ ከተሞቻችን የመጣው መጠባበቂያ ሆኖ አይደለም። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ ከዋናው መስመር የራቁ ብዙ ከተሞች የሚበሩት በየራሳቸው የናፍጣ ሞተር ነበር። በዚያን ጊዜ ምንጩ አንድ ስለ ነበር ኒውትራሉ የት ይታሰር የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነበር፤ እዚያው ምንጩ ዘንድ። ዋናው መስመር ሲደርስ ሞተሩ ዝም አለ። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ጎድለው መብራት በፈረቃ ሲሆን ግን ጀነሬተር በየግቢው ገባ፤ አሁን ሁለተኛ ምንጭ ሆኖ። በሁለቱ መካከልም ቼንጅ ኦቨር የተባለው መቀየሪያ ቆመ። ጥያቄው የከበደው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችን ከመስመር ያመለጠ ኤሌክትሪክ አፈር ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ይመስለናል። አይጠፋም፤ ወደ ተነሣበት ምንጭ ይመለሳል። ብሬከሩ የሚወርደውም በቂ የመመለሻ ሽቦ አግኝቶ ብዙ ከረንት ሲያልፍ ነው፤ አፈር ብቻውን ለዚህ አይበቃም። ይህ እውቀት በቀላሉ አልተገኘም፤ አሜሪካውያን ኒውትራልን ከመሬት ስለ ማሰር ብዙ ከተከራከሩ በኋላ እስከ 150 ቮልት ላሉ መስመሮች በደንባቸው ግዴታ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው።

ደንቡን ባጭሩ ልናገር፤ በሥራ ላይ ባለው ምንጭ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ የሚታሰሩት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ቼንጅ ኦቨሩ ኒውትራሉን ጭምር የሚቆርጥ ባለ አራት ፖል ከሆነ ጀነሬተሩ ብቻውን ይቀራል፤ ስለዚህ የራሱ ኒውትራል ከአካሉና ከመሬት ዘንጉ ጋር መታሰር አለበት። ሦስቱን ፌዝ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ኒውትራሉ ከዋናው መስመር ማሰሪያ ጋር እንደ ተያያዘ ይኖራል፤ ጀነሬተሩ ላይ ሁለተኛ ማሰሪያ ቢጨመር የዘወትሩ ከረንት ከፊሉ በመሬት ሽቦውና በማሽኖቹ ብረት በኩል ይመለሳል።

አንድ መፈልፈያ በጎበኘሁ ጊዜ ባለቤቱ በቀዩ አፈር የተተከለ የመዳብ ዘንግ አሳይተውኝ፣ «ኤርዙ ይኸውና» አሉኝ። ዘንጉ ከጀነሬተሩ አካል ጋር ተያይዟል፤ ቼንጅ ኦቨሩ ባለ አራት ፖል ነው፤ ኒውትራሉ ግን ከምንም አልታሰረም። እንዲህ ባለ ቦታ የመጀመሪያው ብልሽት ብሬከሩን ሳያወርድ፣ ማንም ሳያውቀው ይቆያል። ሁለተኛው በሌላ ፌዝ ሲከተል፣ ውኃ ላይ ቆሞ ብረት የያዘ ሠራተኛ የከረንቱ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ቼንጅ ኦቨሩ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ አደጋው ከግቢው ይወጣል። የጀነሬተሩ ኃይል በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ባለሙያም ይገድላል።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ነገ ወደ ሥራ ስትሰማሩ ዘንጉን አይታችሁ አትመለሱ። ቼንጅ ኦቨሩ ኒውትራሉን ይቆርጣል? ኒውትራሉስ የት ታስሯል? ብላችሁ ጠይቁ፤ ክዳኑንም ከፍታችሁ እዩ።