መርዶ ያልተነገረለት ልቅሶ

በአገራችን ልቅሶ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት አስቀድሞ መርዶ ነጋሪ ይመረጣል፤ መርዶ ነጋሪዎቹም ገና ጎሕ ሳይቀድ የሟቹን ዘመድ ደጅ ያንኳኳሉ። ከዚያ በኋላ ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ቡናው ይፈላል። ሣልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ በየተራቸው ይደርሳሉ። ይህ ሥርዓት ሐዘንን ባያጠፋም እንኳ፣ ሐዘንተኛው ሸክሙን ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ እንዲሸከም ያስችለዋል። የሁሉም መነሻ ግን መርዶው ነው። መርዶ ሳይነገር ድንኳን አይተከልም፤ «ሞተ» ያልተባለን ሰው ማልቀስም እንደ ሟርት ይቆጠራል።

እንግዲህ መርዶው ሳይነገር ሲቀር፣ ያውም ሐዘንተኞቹ በሥጋ የማይዛመዱት፣ በጽሑፉ ብቻ የሚያውቁት አንባቢዎቹ ሲሆኑ፣ ልቅሶው በምን መንገድ ይገለጣል? ይህን ጥያቄ የሚያስነሣው የደራሲ በዓሉ ግርማ ታሪክ ነው። በዓሉ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ዕድሜው ገና 44 ዓመት ነበር። ጉዳዩ የመላው ኢትዮጵያዊ አንባቢ መሆኑ ባይካድም፣ በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በማሻና በጎሬ በማስተማር ሥራ ለኖርን የማኅበራችን አባላት ግን የተለየ ትርጉም አለው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከትውልድ ስፍራው መጀመር ይገባል።

በዓሉ ግርማ በ1932 ዓ.ም. በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ሕንዳዊ ነጋዴን ከዚያ ሩቅ አገር ምን አደረሰው ለሚል ጠያቂ መልሱ በአካባቢው የንግድ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ይወርድ ጀመር። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላም በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በዚህ ምክንያት ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሶርያውያንና ሕንዶች ጎሬን በመሳሰሉ ከተሞች ሱቅ ከፍተው ተቀመጡ። የበዓሉን ወላጆች የመሰሉ ሰዎች የተገናኙት የቡናው አገር ከውጭው ዓለም ጋር በተያያዘበት በዚያ ዘመን ነው።

በዓሉ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ቀጥሎም በጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። በሙያው ጋዜጠኛ ሲሆን፣ በ«መነን» መጽሔት፣ በ«አዲስ ሪፖርተር»፣ በ«ኢትዮጵያን ሄራልድ»ና በ«አዲስ ዘመን» በአዘጋጅነት ሠርቷል። ከአብዮቱ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ማዕርግ ደረሰ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ጎን ለጎን «ከአድማስ ባሻገር»ን በ1962፣ «የኅሊና ደወል»ን በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ንና «ደራሲው»ን በ1972 ዓ.ም. አሳተመ። «ሐዲስ»ና «ኦሮማይ» የመጨረሻዎቹ ሆኑ።

ከእነዚህ ልብ ወለዶች መካከል ለእኛ ለመምህራን የሚቀርበን «የኅሊና ደወል» ነው። በዓሉ በዚህ መጽሐፍ ወደ ትውልድ ስፍራው ተመለሰ። የታሪኩ ባለቤት ሐዲስ ሳህሌ የተባለ መምህር ሲሆን፣ በሱጴ ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለማቆም የሚያደርገው ትግል የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ነው። ደራሲው ይህን ታሪክ አልረሳውም፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሠርቶ «ሐዲስ» በሚል ርእስ አወጣው። አንድ ደራሲ በከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን ላይ ተቀምጦ ሳለ የአንድን የገጠር መምህር ታሪክ ሁለት ጊዜ መጻፉ፣ ልቡ ከየት እንደ ነበረ የሚያሳይ ይመስለኛል። በጭቃ ግድግዳና በሣር ክዳን ሥር ያስተማረ፣ ዝናብ ሲጥል ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸ፣ የቡና ለቀማ ሲደርስ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ያገኘ መምህር ሁሉ በሐዲስ ሳህሌ ውስጥ ራሱን አይቷል።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። በ1974 ዓ.ም. በአሥመራ የተጀመረውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መሠረት ያደረገ ነው፤ በዓሉም ራሱ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ስለ ተሳተፈ ያየውን ያውቃል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የፊያሜታ ጊላይ ፍቅርና የጦርነቱ ከንቱነት ሲፈራረቁበት የሚታይበት ይህ መጽሐፍ፣ የዘመኑ ባለ ሥልጣናት ገጽታ በግልጽ የሚነበብበት ሆኖ ተገኘ። ርእሱ በአሥመራ ከጣልያንኛ ተወርሶ ይነገር የነበረ ቃል ሲሆን፣ «አበቃ፣ አከተመ» የማለት ትርጉም አለው። መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለ በቀናት ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያ የካቲት 6 መጣ። ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ አጠገብ ቆማ ተገኘች። ባለቤቷ አልነበረም።

በዚያ ወቅት ይህ ጸሐፊ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ወጣት መምህር ነበር። ከአዲስ አበባ ወሬ የሚደርሰን በሬዲዮ፣ ወይም በጅማና በቦንጋ በኩል በጭቃ መንገድ ሲንከባለል ከሰነበተ የጭነት መኪና ላይ በሚወርድ ሰው ነው። ሬዲዮው ስለ በዓሉ ምንም አልተናገረም። ከአንድ የዕረፍት ጊዜ በኋላ ግን አንድ ባልደረባችን ከሻንጣው ሥር አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑ በ«ሠርቶ አደር» ጋዜጣ ተለብዷል። ሲገለጥ «ኦሮማይ» ነበር። እያንዳንዳችን ለሁለት ሌሊት ብቻ ስለ ተፈቀደልን፣ በር ዘግተን፣ ኩራዝ ያሳተመውን መጽሐፍ በኩራዝ ብርሃን አነበብነው። መጽሐፉ ለሚቀጥለው ሰው ሲተላለፍ የሰጠው ሰውም የተቀበለውም ቃል አይተነፍሱም።

አንድ ቀን በመንደሩ ለልቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ በቡና ቅጠል የተፈላው ጨሞ እየዞረ፣ አንድ አዛውንት ወደ እኛ ዘወር ብለው «እናንተ አስተማሪዎች፣ ያ የኢሉባቦሩ ልጅ ምን ሆነ ይባላል?» ሲሉ ጠየቁን። ማናችንም አልመለስንም። አዛውንቱም ዝምታችንን እንደ መርዶ ቆጠሩት መሰለኝ፣ ኩባያቸውን አስቀምጠው «ነፍስ ይማር» አሉ። እኛ ግን ያን ቃል እንኳ አልደገምንም። «ውጭ አገር ወጥቷል» የሚል ነበር፤ «ታስሮ ነው» የሚልም ነበር፤ ተስፋውም ፍርሃቱም አንድ ላይ ሆነው አፋችንን ይዘውታል። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ጊዜ የምናደርገው የሌሊት ንባብ ራሱ የልቅሶ ቤት መቀመጥ ነበር። ድንኳኑ በጋዜጣ የተለበደው መጽሐፍ ነበር፤ ዕድርተኞቹም ስማቸውን የማይናገሩ አንባቢዎች ነበሩ።

እነዚያ ዓመታት ለሥነ ጽሑፋችንና ለሥነ ጥበባችን የሐዘን ዓመታት እንደ ነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ«አልወለድም» ምክንያት በንጉሡ ዘመን ወደ ጎሬ በግዞት የተላከው አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም. አረፈ። ሠዓሊና ባለ ቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. በስደት እንዳለ በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ሞተ። ሁለቱም ለዕድሜ ያልደረሱ ነበሩ። ይሁንና የእነርሱ መርዶ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል። የበዓሉ ብቻ ሳይነገር ቀረ።

የመርዶ አለመኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ከባሕር ማዶ በመጣ አንድ ምሳሌ ማነጻጸር ይቻላል። ዛሬ ተማሪዎቻችን በስልካቸው የሚመለከቱት የጃፓን የሥዕል ፊልም ካፈራቸው ታላላቅ አዘጋጆች አንዱ ሳቶሺ ኮን ነበር። «ፐርፌክት ብሉ»ን፣ «ሚሌኒየም አክትረስ»ን፣ «ቶኪዮ ጎድፋዘርስ»ንና «ፓፕሪካ»ን የሠራው ይህ ሰው፣ በጣፊያ ነቀርሳ መያዙን በግንቦት ወር ተረድቶ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2002 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ዐረፈ። ሕመሙን ከጥቂቶች በቀር ያወቀ ስላልነበረ መርዶው በመላው ዓለም የሚገኙ ወዳጆቹን አስደነገጠ። ነገር ግን ኮን የስንብት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ባለቤቱ ከሞቱ በኋላ ይፋ ባደረገችው በዚያ ጽሑፍ፣ በቤቱ ሆኖ መሞትን እንደ መረጠ፣ ጅምር ፊልሙ እንደሚያሳስበው፣ በመጨረሻም ዓለምን አመስግኖ ብዕሩን እንደሚያስቀምጥ ገለጠ። ፊልሙ እስከ ዛሬ ሳይጠናቀቅ ቢቀርም፣ ወዳጆቹ የሚያለቅሱት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መርዶ ነጋሪው ራሱ ሟቹ ነበርና።

የበዓሉ አንባቢዎች ግን ደብዳቤም መቃብርም አላገኙም። ቤተሰቡማ ከሁሉ የከፋውን ተሸክሟል፤ የተከፈተ በር የሚጠብቅ ሰው ጥቁር ልበስ ቢሉት እንዴት ይለብሳል? የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ስለ መጨረሻው ሰዓት ብዙ ተባለ፤ ብዙ ተጻፈ። ዐፅሙ ያረፈበት ስፍራ ግን አልተገኘም። በዚህ መካከል በጓዳ ይነበብ የነበረው «ኦሮማይ» እንደገና ታትሞ በአደባባይ ተሸጠ። በስሙ የሚጠራ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭው ዓለም ለንባብ በቃ። የሱጴው ልጅ፣ አንድ ጊዜ ቡናው በባሮ በኩል እንደ ወጣ፣ እርሱም በዘገየ መንገድ ወጣ ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን? በየዓመቱ ለጡረታ የሚሰናበቱ አባሎቻችን ሲበዙ፣ ያን መጽሐፍ በኩራዝ ብርሃን ያነበበው ትውልድ እየሳሳ መሄዱ ግልጽ ነው። ዛሬ በሚዛንና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ መንገዱም ተሻሽሏል፤ መጽሐፍ ደብቆ የሚያነብ ተማሪ የለም። ነገር ግን ሐዲስ ሳህሌ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ተማሪስ ስንት ይሆን? በቅርቡ የቡና ጫካ ከከበበው አንድ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ከስድስቱ የበዓሉ ልብ ወለዶች አንዱን እንኳ ሳጣ፣ የደነገጥሁት ያን ጊዜ ወሬው በደረሰን ዕለት ከደነገጥሁት የሚያንስ አልነበረም። ሰውን የወሰዱት ሌሎች ናቸው፤ መጽሐፉ ከመደርደሪያችን የጠፋ እንደሆነ ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የካቲት 6 በየዓመቱ ሲመጣ፣ በየትምህርት ቤታችን አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠውና ከ«ሐዲስ» ጥቂት ገጾች ለተማሪዎች ይነበቡ። ሐውልት ለማቆም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለዚህ ግን አንድ መጽሐፍና አንድ መምህር ይበቃሉ። ተማሪው በሱጴ ስለ ተጀመረው ትምህርት ቤት ሲሰማ፣ የራሱ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ሌላ ነገር ይሰማው ይሆናል። እኛም ከአርባ ዓመት በላይ የዘገየውን ያን የአዛውንቱን ቃል፣ ድምፃችንን ሳንቀንስ፣ በተማሪዎቻችን ፊት እንመልሰዋለን፤ ነፍስ ይማር።