ዜና ኤሌክትሮን፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ

በ1870 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዐፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ከደሴ በስተሰሜን በቦሩ ሜዳ ተሰይመው የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ሊቃውንትም በፊታቸው ተከራከሩ። ከዚያም ወዲያ የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በሁለተኛውም ዓመት፣ በጥቅምት 1872፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በአሜሪካ ምድር በባልቲሞር ኤድዊን ሆል የሚባል ተማሪ ስስ የወርቅ ቅጠል በማግኔት አፍ መካከል አኖረ። በቅጠሉም ላይ ኤሌክትሪክ በሰደደ ጊዜ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ጥቂት ቮልቴጅ አገኘ፤ ማግኔቱ ተጓዡን ቻርጅ ወደ አንድ ወገን ይገፋው ነበርና። ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበር፤ እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን ያገኘው ከዐድዋ ድል በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ነው።

እነዚህን ዘመናት ጎን ለጎን የምጽፈው የወሎ ልጅ ይህን ትምህርት ሲማር አያቶቹ በሌሉበት ዓለም የተሠራ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በፈረንጆች 1930 ዓ.ም. ሌቭ ላንዳው የሚባል የባኩ ተወላጅ፣ ዕድሜው 22 ዓመት ሲሆን፣ በማግኔት መስክ ውስጥ የሚዞር ኤሌክትሮን ምን ያህል ጉልበት እንደሚይዝ አሰላ። ጉልበቱም እንደ ልብ የሚጨመርና የሚቀነስ ሳይሆን በእኩል ርቀት የተደረደረ እርከን ሆኖ ተገኘ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በመካከል ባለው በሐረጎ ላይ በፈቀደው ስፍራ ይቆማል፤ ኤሌክትሮን ግን ወይ ደሴ ነው ወይ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎ ላይ ማደሪያ የለውም።

ከዚህ በኋላ የመከራው ዘመን መጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ከቆላው የወጣው ሕዝብ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደቀ፤ እናት ልጇን ታቅፋ ሞተች፤ በአዲስ አበባ ያሉትም ሹማምንት ነገሩን ሸሸጉት። ይህን ሳይጽፍ የሚያልፍ የዘመኑ ጸሐፊ አይባልም። በዚያው ረኃብ ምክንያት ቁጣ በርትቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት በፈረንጆች 1974 ዓ.ም.፣ በቤል ላቦራቶሪ ሬይመንድ ዲንግልና ባልደረቦቹ የኳንተም ጉድጓድን በብርሃን አስመሰከሩ። ሥራውም እንዲህ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ የሚባለውን ሴሚኮንዳክተር፣ ውፍረቱ አሥር ናኖሜትር ያህል አድርገው፣ አሉሚኒየም በተቀላቀለበት በሌላ ሴሚኮንዳክተር ከላይና ከታች ይዘጉታል። በመካከል የገባው ኤሌክትሮን ወደ ላይም ወደ ታችም መውጣት ይሳነዋል፤ በዚያ አቅጣጫ የተወሰኑ ጉልበቶች ብቻ ይፈቀዱለታል። በአግድሙ ግን እንደ ልቡ ይሮጣል። አሁን የማግኔት መስክ ከላይ ወደ ታች ቢያልፍበት የአግድሙም ነጻነት ይወሰድበታል፤ በጠባብ ክብ ይዞራል፣ ጉልበቱም በላንዳው እርከን ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ እርከን የሚይዘው የኤሌክትሮን ብዛትም የተቆረጠ ነው፤ በአንድ ቴስላ መስክ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 24 ቢሊዮን ያህል ይይዛል፤ መስኩ ሲበረታ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሆል ወርቁን በማግኔት መካከል ካኖረ መቶ ዓመት ያህል ሲሆን፣ ጥር 27 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ በዘመነ ዮሐንስ፣ በፈረንሳይ በግረኖብል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ጀርመናዊው ክላውስ ፎን ክሊትዚንግ የሲሊከን ትራንዚስተር እየለካ ነበር። በዚያ ትራንዚስተር ኤሌክትሮኖቹ በሲሊከኑ ገጽ ሥር በቀጭን ጉድጓድ ይታሰራሉ። የሆል ሬዚስታንስ፣ ማለት የጎኑ ቮልቴጅ ለሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲካፈል የሚገኘው፣ ሳይቋረጥ መለወጥ ሲገባው በደረጃ በደረጃ ተለወጠ፤ የእያንዳንዱም ደረጃ ልክ 25,812.807 ኦም ለ1፣ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ሆነ። የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ትራንዚስተሩ ንጹሕ አልነበረም፤ ቅርጹና መጠኑም ምንም ቢሆን ቁጥሩን አልለወጠውም። ከሲሊከን ይሁን ከጋሊየም አርሰናይድ፣ ያው ቁጥር ይወጣል፤ የፕላንክ ቋሚ ለኤሌክትሮን ቻርጅ ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ነውና። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ዳንኤል ጹይ፣ ሆርስት ሽቶርመርና አርተር ጎሳርድ እጅግ በጠራ የጋሊየም አርሰናይድ ናሙና ያው ቁጥር ለአንድ ሦስተኛ ሲካፈል የሚገኘውን ደረጃ አገኙ፤ ሮበርት ላፍሊንም ኤሌክትሮኖቹ ተባብረው የቻርጅ ሲሶ እንደያዙ ሆነው እንደሚታዩ ፈታው። ፎን ክሊትዚንግ በ1978 ዓ.ም. ኖቤል ተሸለመ፤ ወሎም በዚያ ጊዜ ዳግመኛ ከደረሰበት ታላቅ ረኃብ ገና አላገገመም ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ዋናው ግቢው በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም በኮምቦልቻ ሆነ። የኳንተም ጉድጓድም ስሙ ሳይጠራ ቀድሞ ወደ ከተሞቹ ገብቶ ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ የሚበራው ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑን የሚያወጣው ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው። በ2014 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በጥቅምት ወር ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አገኘ፤ የሕወሓት ኃይሎች ከተሞቹን ያዙ፣ የመንግሥት ጦርም እስከ ኅዳር 27 መልሶ ያዛቸው። የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ፤ በብዙ ድካም የተገዛ መሣሪያ በጥቂት ቀን ጠፋ። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል።

ሆኖም የዚህ ነገር እኩሌታው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ኤሌክትሮን ከነጻው ኤሌክትሮን ክብደት 0.067 እጅ ብቻ እንዳለው ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ተማሪው 10 ቴስላ ብሎ ቢያሰላ በሁለት እርከኖች መካከል 17 ሚሊኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያገኛል። የኅዳር ሌሊት የደሴ ብርድ አጥንት ቢሰብርም ከ270 ኬልቪን በላይ ነው፤ ሙቀቱም ለኤሌክትሮኑ ከ20 ሚሊኤሌክትሮን ቮልት በላይ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ከእርከን ወደ እርከን ይዘልላል፣ ደረጃውም ይደበዝዛል። በግረኖብል ፈሳሽ ሂሊየም ያስፈለገውም ስለዚህ ነው፤ እርሱ በ4.2 ኬልቪን ይፈላል፣ በዚያም ሙቀቱ የሚሰጠው ከግማሽ ሚሊኤሌክትሮን ቮልት ያንሳል።